«ተበይዶ እንደ አዲስ ሆነ» ስለተባለው ካምሻፍት

ሰሞኑን ስለ አዳማ መካኒኮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከየአቅጣጫው ተላከልኝ። ሙገሳ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ከጅቡቲ መስመር ጭኖ የሚመጣ አሮጌ የጭነት መኪና ወለንጪቲ አካባቢ ይቆማል። ተጎትቶ አዳማ ይገባል። ሲከፈት ካምሻፍቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ለሁለት ተሰብሯል። አንድ በያጅ ሲበይደው ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ይነሳል። መኪናው አዲስ አበባ ደርሶ ጭነቱን ያራግፋል፤ ከዚያም ጅቡቲ ሄዶ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ወሬ ነው። ጸሐፊው ግን እዚህ ላይ አያቆሙም። ካምሻፍት ሲሰበር አዲስ መግዛት ዶላር ማባከን ነው ይላሉ። የተበየደው እንደ አዲስ ይሠራል ይላሉ። «ይህን አንሠራም» ያለው ጋራዥ ፈሪ ነው ይላሉ። በመሃል ለሹፌሮች ሁለት ሦስት ምክር ጣል ያደርጋሉ። እኔን ያስጻፈኝ ምክሩ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው፤ እንጀራዬም ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ነው። ስለዚህ ሙገሳው የእኔንም ቤት ነክቷል፤ አመሰግናለሁ። የተሰበረ ካምሻፍት ቀጥሎ ሞተር ማስነሳት እንደሚቻልም አልክድም። ይቻላል። ነገር ግን መኪናን ከመንገድ አንስቶ ጋራዥ የሚያደርስ ጥገና አለ፤ ጭነት ተሸክሞ ዓመት የሚሠራ ጥገና ደግሞ አለ። ጽሑፉ የመጀመሪያውን አንስቶ በሁለተኛው ዋጋ ይሸጠዋል። ባለንብረቱ የቱን እንደገዛ ካላወቀ ጥበብ የሚባለው ነገር ማታለል ይሆናል።

ለማያውቅ አንባቢ ሁለት መስመር ልጨምር። ካምሻፍት ቫልቮላዎችን፣ ማለትም የሲሊንደሩን የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮች፣ በየተራቸው የሚከፍት ዘንግ ነው። ላዩ ላይ ጉብታዎች አሉት። ጉብታው ሲደርስ በእሱና በቫልቮላው መካከል ያለውን ገፊ፣ ፑንቴሪያውን፣ ይገፋል፤ ቫልቮላው ይከፈታል። ጉብታው ሲያልፍ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሁለት ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ዙር ይዞራል። ጽሑፉ ላይ ያለው ሞተር አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቮላ ያለው ናፍጣ ነው፤ ካምሻፍቱም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ላይ ነው የተቀመጠው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ካምሻፍቱ የተሰበረው ብረቱ ስላረጀ ነው ይላሉ። ይህ በአንድ መስመር ታልፏል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ግማሽ እዚህ ነው። ካምሻፍት በእድሜ ብቻ አይሰበርም። እድሜ ጉብታውን ይበላዋል፣ ዘንጉ ተይዞ የሚዞርበትን ማረፊያ ያሰፋዋል። ለሁለት የሚከፍለው ሌላ ምክንያት ነው።

ስብራቱን ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ግራጫና ሻካራ ከሆነ፣ እንደ ተሰበረ የስኳር አንኳር ማለት ነው፣ በአንድ ምት ነው የሄደው። አንድ ጥግ ላይ ለስለስ ያለ፣ ዘይት ገብቶበት የጠቆረ ቦታ ካለው ደግሞ ስንጥቁ ከቆየ ሰንብቷል። ቀስ እያለ አድጎ አድጎ በመጨረሻ ቀሪው አልቻለም። ሁለቱ የተለያየ ምርመራ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁልጊዜ «ቴስታታው መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው? ማን ከፈተው?» የሚል ነው። ምክንያት አለኝ። ካምሻፍት ቦታው ላይ ሲቀመጥ አንዳንዱ ጉብታ ቫልቮላ ተጭኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ዘንጉ በአንድ በኩል ከፍ ይላል። የማረፊያዎቹን ቆቦች ቡሎን በቅደም ተከተል፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ዘንጉን እያጎበጠው ነው። ብዙ ካምሻፍት የሚሠራበት ካስት አይረን፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ደግሞ መጉበጥ አያውቅም። ወይ እዚያው ይሰበራል፣ ወይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። ስንጥቁ ወራት ቆይቶ ወለንጪቲ ላይ ይገለጣል፤ ያኔ ጥፋቱ የሹፌሩ ይሆናል።

ሁለተኛው መንስኤ ዘይት ነው። ወደ ቴስታታው የሚወጣው የዘይት ቀዳዳ በጭቃ ሲዘጋ አንዱ ማረፊያ ይደርቃል፣ ይግላል፣ ይነክሳል። ዘንጉን የሚያዞረው የፊተኛው ጥርስ ግን መዞሩን አያቆምም። ዘንጉ በመሃል ይጠመዘዛል፣ ይሰበራል። እንዲህ ከሆነ ማረፊያው ላይ ጭረትና ወደ ሰማያዊ ያደላ የእሳት ቀለም ይታያል። ሦስተኛው የቫልቮላና የፒስተን ግጭት ነው። ላንድክሩዘርና ኮስተር ላይ የለመድነው 1ኤችዜድ ሞተር ለምሳሌ ካምሻፍቱን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ሲባል እየተሰማ ይታለፋል። ቺንጋው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን በግስጋሴው ወጥቶ የተከፈተውን ቫልቮላ ይመታል። ምልክቱ የፒስተኑ አናት ላይ የጨረቃ ቅርጽ ሆኖ ይቀራል።

በጽሑፉ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም ታይቶ እንደሆነ አልተነገረንም። በያጁ በየደ፣ ሞተሩ ተነሳ። ማረፊያው ነክሶ ከነበረስ? ነገም ይነክሳል። የተጣመመ ቫልቮላ ካለስ? መንስኤውን ትቶ ውጤቱን መበየድ ማለት ይህ ነው።

ማንኛውም ጎበዝ በያጅ በተለመደው ኤሌክትሮድ ይበይደዋል ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ። የብዙ ሞተሮች ካምሻፍት ካስት አይረን ነው፤ ከብረት ተቀጥቅጦ የተሠራም አለ። ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጉዳት በማያመጣ ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ ግራይንደር ነካ ማድረግ ይበቃል። ብረት ከሆነ ረጅም፣ ደማቅ፣ የሚበተን ፍንጣሪ ይሰጣል። ካስት አይረን ከሆነ ፍንጣሪው አጭርና ደብዛዛ ቀይ ነው፤ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል።

በር የምንበይድበት ተራ ብረት ውስጥ ያለው ካርቦን ከመቶ ሩብ እጅ እንኳ አይሞላም። ካስት አይረን ውስጥ ግን ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ አለ። ተራ ኤሌክትሮድ እዚያ ላይ ሲቀልጥ ያን ካርቦን ይጠጣዋል። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳው ሲኮማተር ከጎኑ ያለው አሮጌ ብረት መለጠጥ አይችልም። በያጁ መነጽሩን ሳያወልቅ «ጥቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ የማያውቅ የካስት አይረን በያጅ የለም። አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ አይሰማም፤ ስንጥቁ ግን ከብየዳው ሥር አለ። ያኛው የባሰ ነው።

ካስት አይረን በደንብ ለመበየድ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። ዋጋው ከተራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዕቃው ቀድሞ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ብየዳው በሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ቁርጥራጭ ይሄዳል። ከእያንዳንዷ ቁርጥራጭ በኋላ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ይቀጠቀጣል፤ ሲኮማተር የሚፈጥረው ውጥረት እንዲላላ ነው። በመጨረሻ ደረቅ አሸዋ ወይም አመድ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ማግሥቱ ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ ለሞተር ብሎክ ወይም ለማኒፎልድ ጥሩ ነው። ለካምሻፍት ግን ራሱ ሙቀቱ ጠላት ነው።

ለምን ቢሉ የካምሻፍቱ ጉብታ ፊት ሆን ተብሎ ጠንካራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ወይም በኋላ በሙቀት ተጠናክሮ። ውስጡ ለስላሳ፣ ፊቱ ደረቅ ነው። ስብራቱ ከጉብታው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ብየዳው ይህን ጥንካሬ ከነካው ጉብታው ወዲያው አይበላሽም። ሞተሩ ያምራል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ፑንቴሪያው ጉብታውን መላጥ ይጀምራል። ቫልቮላው በሙሉ መከፈቱን ይተዋል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ባለንብረቱ «ኢንጀክተር (ናፍጣ መርጫው) ነው» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ያወጣል።

ሌላው ቀጥታነቱ ነው። ብየዳ ዘንግ ይስባል። በጥገና መመሪያዎች ለካምሻፍት የሚፈቀደው መወላገድ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ ለብዙዎቹ ከዚያም ያነሰ ነው። ከብየዳ በኋላ መወላገድን በሚያሳይ መለኪያ፣ በዳያል ጌጅ፣ ያልተለካ ዘንግ ቆቡ ሲጠብቅ በግድ ይቀናል። ያ ግዴታ በእያንዳንዱ ዙር ብየዳውን ያወዛውዘዋል።

ሁለቱ ቁራጭ በዓይን ይገጣጠማል፣ መለኪያ አያስፈልግም ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱን ልስጣቸው። ካስት አይረን በድንገት ሲሰበር አይለጠጥም። ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች ሲጋጠሙ ጥርስ በጥርስ ይገባሉ። ዘንጉ ሳይሰበር በፊት የነበረውን አቅጣጫ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። እንግዲያው ማንም ሰው ግራይንደር ከማንሳቱ በፊት ቁራጮቹን ገጥሞ ምልክት ያስምር። ቀጥ ያለ መስመር፣ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው።

የሚያሳዝነው ጽሑፉ ራሱ በያጁ ለብየዳው ቦታ ለማግኘት ሁለቱንም ጫፍ እንደሞረደ ይነግረናል። ምስክሩን ቀድሞ ገድሎታል። ከዚያ በኋላ በዓይን መገመት ነው የቀረው። ግምቱ ምን ያህል ይከብዳል? ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ እንውሰድ። አንድ ዲግሪ ማለት በዘንጉ ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር አንዷ ዲግሪ በክራንክሻፍቱ ሁለት ዲግሪ ናት። በያጅ በዓይኑ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት ማንም አይፈርድበትም። ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ግን የሦስተኛውንና የአራተኛውን ሲሊንደር ቫልቮላ ስምንት ዲግሪ ታዛንፋለች። ናፍጣ ሞተር ላይ ፒስተኑ ከቫልቮላው ጋር ብዙ ክፍተት የለውም።

እሺ፣ ካልተበየደ ምን ይደረግ? የሚሠራበት መንገድ አለ፤ የቶርኖ ሥራ ነው። ሁለቱ ቁራጭ ምልክት ይደረግባቸዋል። እያንዳንዱ በማረፊያው ተይዞ፣ በዳያል ጌጅ መሃሉ ተረጋግጦ፣ ከስብራቱ ፊት ወደ ውስጥ ይበሳል። የጉብታው ፊት እንጂ መሃሉ ያን ያህል ደረቅ ስላልሆነ ይበሳል። ከጥሩ ብረት፣ ከአሮጌ አክስል ዘንግ ቢሆን እሰየው፣ ፒን ይቀረጻል። ፒኑ ከቀዳዳው በሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ካምሻፍቱ በልኩ ይሞቃል፣ ፒኑ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ሳይዘገይ ይገባል፤ መስመሩ ከመስመር ይገጥማል። ሲቀዘቅዝ ይነክሰዋል። ጥርስ በጥርስ የሚገጥመው የስብራቱ ፊትም እንዳለ ስለሚቀር መዞሩን ያግዛል። በመጨረሻ በሁለቱም በኩል በአግድም ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ቁልፍ ፒን ይመታል።

ስብራቱ ግን በጉብታው ወይም በማረፊያው ላይ ካለፈ ይህ አይሠራም። ብዙ ካምሻፍት ደግሞ ውስጡ ለዘይት የተቦረቦረ ነው። ፒኑ ያን መንገድ ከደፈነ ከኋላ ያሉት ማረፊያዎች ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ፒኑም መሃሉ ይበሳል። ሲገጠም ቫልቮላዎቹ ሳይጫኑት በጣት መዞር አለበት። ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ከመነካቱ በፊት ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። አንድ ቦታ ከያዘ አይገፋም፤ ይከፈታል።

እንዲህ የተሠራውንም ቢሆን «እንደ አዲስ ነው» ብዬ አላስረክብም። «አዲሱ እስኪመጣ ነው» እላለሁ፤ ደረሰኙ ላይም እጽፈዋለሁ።

ፋብሪካዎችም ካምሻፍት ይገጣጥማሉ፣ ይበይዳሉ የሚለው ነጥባቸው እውነት ነው፤ ግን ለእርሳቸው አይመሰክርም። ዛሬ ብዙ ካምሻፍት ባዶ የብረት ቱቦ ላይ ጉብታዎች በኃይል ተገፍተው ወይም በሙቀት ተነክሰው ይሠራል። የተበላ ጉብታን በጠንካራ ብረት ሞልቶ እንደገና የሚቀርጽ ልዩ ሥራም አለ። ሁለቱም መጨረሻ ላይ በካም መቅረጫ ማሽን ይለካሉ፣ ይቀረጻሉ። በግራይንደርና በዓይን አያልቁም።

ጅቡቲ ደርሶ ተመልሷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ይላሉ።

ከዚህ ያነሰ መንገድ እንቁጠር። ከአዳማ አዋሽ ሰባት ወደ 125 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሰዓት ይፍጅ። ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,000 ዙር ቢዞር ካምሻፍቱ 1,000 ዙር ይዞራል። እያንዳንዱ ቫልቮላ አዋሽ እስኪደርስ 120,000 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ብየዳው ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ነው። ከኋላው አራት ቫልቮላ አለ። የአራቱም ጫና በብየዳው በኩል ነው የሚያልፈው፤ 480,000 ጊዜ። አንድ አቅጣጫ ብቻም አይደለም። ጉብታው ሞላውን ሲጫን ዘንጉ ወደ ኋላ ይያዛል። ጉብታው ሲያልፍ ሞላው ዘንጉን ወደፊት ይገፋዋል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ከብየዳው ሥር ያለች ስንጥቅ የምታድገው በዚህ ነው። የዛሬው ጉዞ ለነገው ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ከነገው ላይ ተቀንሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ደግሞ ማን ነው የሚጽፈው? ተበይዶ ሞጆ ሳይደርስ ስለቆመው መኪና ማንም ሙገሳ አይጽፍም። እኛ ቤት የሚመጣው ግን እሱ ነው። ሁለተኛው ስብራት የሚመጣው ብቻውን አይደለም። መጀመሪያ ካምሻፍት ብቻ የነበረው አሁን የተጣመሙ ቫልቮላዎች፣ የተመታ ፒስተን፣ አንዳንዴም የተሰነጠቀ ቴስታታ ይዞ ይመጣል።

ሹፌሩስ? ሞተር በድንገት ሲሞት መሪው ይከብዳል። የአየር ፍሬን ያለው መኪና ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፤ ታንኩ ውስጥ የተረፈው አየር ለጥቂት ጊዜ መርገጥ ብቻ ነው የሚበቃው። ይህ በዝግታ በሚሄድበት ሰፈር ውስጥ ቢሆን አንድ ነገር ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ከኋላ ሌላ ከባድ መኪና ተከትሎት፣ ሌላ ነገር ነው። ጽሑፉ ስለ ጭነቱ ደጋግሞ ያወራል። ስለ ረዳቱና ስለ ሹፌሩ አንድ ቃል የለውም።

ሌላው ምክራቸው ቀጥሎ ነው። በያጅ ካልተገኘ የተሰበረውን የኋላ ቁራጭ አውጥቶ በሁለት ሲሊንደር መንዳት ይቻላል ይላሉ። ከሁሉም ምክራቸው ለእውነት የሚቀርበው ይሄ ነው። የሚገርመው በሁለት መስመር ነው ያለፉት። የተዉት ነገር ሞተሩን ሊገድለው ይችላል።

አንደኛ፣ የኋላው ቁራጭ ሲወጣ የዘይት ቀዳዳዎቹ ክፍት ይቀራሉ። በእነሱ በኩል ዘይቱ ዝም ብሎ ይፈስሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ የቀሩት ማረፊያዎችና ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ለስላሳ ብረቶች፣ ብሮንዚኖቹ፣ ይራባሉ። ቀዳዳዎቹ መደፈን አለባቸው፤ በጨርቅ ሳይሆን በሚያዝ ነገር። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ካምሻፍቱ የሆነበት ሞተር ካለ ደግሞ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ይጎተት። ሁለተኛ፣ የማይሠሩት ሲሊንደሮች ፑንቴሪያዎች መውጣት አለባቸው። ቁራጩ ቦታው ላይ ቀርቶ አንድ ቫልቮላ ክፍት ከያዘ ፒስተኑ ያገኘዋል። ሲኖትራክ የለመደ ሹፌር ይህን በሌላ መልክ ያውቀዋል፤ ደብልዩ ዲ 615 ሞተር ላይ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚወጣው ረጅሙ ገፊ ዘንግ ነው።

ሦስተኛው ናፍጣው ነው። የኢንጀክሽን ፓምፑ ካምሻፍት ተሰበረ አልተሰበረ አያውቅም፤ ለአራቱም ይልካል። የሁለቱን የማይሠሩ ሲሊንደሮች ቱቦ ከኢንጀክተሩ ላይ መፍታት ይገባል። ጫፉን መድፈን ግን አይሆንም፤ ፓምፑን ይጎዳል። ጫፉ በጎማ ወደ ጀሪካን ይመራል፤ ጀሪካኑ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ይህን የዘነጋ ሰው ከካምሻፍት ጥገና ወደ እሳት ማጥፋት ይሸጋገራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሞተሩ ምን ይመስላል? የተለመደው የፍንዳታ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ሦስትና አራት ሲወጡ ሁለትና አንድ ብቻ ይቀራሉ። ሁለተኛው ይፈነዳል፤ በግማሽ ዙር ልዩነት አንደኛው ይከተላል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ባዶ ነው። ሞተሩ ቦታው ላይ ይዘላል፣ የተቀመጠባቸውን የጎማ መያዣዎች ይጎትታል። ባዶ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ለጥ ባለ መንገድ ጋራዥ ለማድረስ ይበቃል። ጽሑፉ እንደሚለው ከነጭነቱ ከአዳማ አዲስ አበባ መውጣት ግን አይታሰብም። አዳማ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሰባት መቶ ሜትር ዳገት በግማሽ ሞተር መሞከር ክራንክሻፍቱን ፈትኖ ማየት ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ንዴታቸው ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ላይ ምን እንደሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለንብረቱ ዱቤ አለበት፣ መኪናው በቆመ ቁጥር የሚቆጥረው ኪሳራ አለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ይነሳልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ካርቦን መቶኛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አዲስ ኦሪጅናል ካልገዛህ ሂድ አልልም።

ግን በብየዳና በአዲስ መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ ጽሑፉ አልነካውም። ያገለገለ ካምሻፍት ከሶማሌ ተራ ይገኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ሲገዛ መጠርጠር ነው። ጉብታዎቹ በጥፍር ይዳሰሱ፤ ጠርዝ የያዘ ወይም ነጠብጣብ የበላው ካለ ይመለስ። ማረፊያዎቹ በማይክሮሜትር ይለኩ። የድሮው ፑንቴሪያ ከሌላ ጉብታ ጋር ተላምዶ ስለተበላ አዲስ ለመጣው ጉብታ አይመችም፤ ፑንቴሪያውም አብሮ ይምጣ። የማረፊያዎቹ ቆቦች ደግሞ ፋብሪካ ሲሠሩ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ ነው የተቀረጹት። የአንዱን ቴስታታ ቆብ ሌላው ላይ ማሰር ካምሻፍቱን መልሶ ማነቅ ነው። ለዚህ ነው አቅም ላለው ሰው ካምሻፍቱን ብቻ ሳይሆን ከነቆቡ፣ ከነፑንቴሪያው፣ ሙሉ ቴስታታ ግዛ የምለው። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ግን ያነሰ ነው።

«አንሠራም» ስላለው ጋራዥ ብዙ አልልም። ጋራዡ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ካምሻፍቱን በሌሊት በይዶ ለጭነት አላስረክብም ማለቱ ግን ፍርሃት ሳይሆን ማወቅ ነው። ሥራውን እምቢ ብሎ መኪናውን ለሌላ የሚሰጥ ሰው የዕለት ገቢውን ትቷል።

ጸሐፊው ያን መኪና ዳግም ካገኙት አንድ ነገር ያስደርጉልኝ። የዘይት ማጣሪያው በሚቀየርበት ቀን አሮጌውን አይጣሉት። ቆርጠው ይክፈቱት፤ ወረቀቱን ዘርግተው ማግኔት ያሳልፉበት። ጥቁር ዱቄት ማግኔቱ ላይ ከተሰበሰበ ጉብታው ወይም ፑንቴሪያው መበላት ጀምሮ ይሆናል፤ ቆቡ ይከፈትና ይለካ። የሚያብረቀርቅ ነገር ኖሮ ማግኔቱ ካላነሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የብሮንዚን ብረት ነው። ያኔ ነገሩ ከካምሻፍት አልፏል፤ ሹፌሩ ጭነት ሳይቀበል ይደውልልኝ።